ቡና ላይ ዝም ብዬ በመስማቴ ከሐሜተኞች ተቆጠርሁ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ከምሳ በኋላ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከሕንፃው ሥር ጀበና ቡና ይጠጣሉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት እድገት ያገኘች አንዲት ባልደረባቸው በዚያ ቡና ላይ ስሟ ተነሣና እድገቱን ያገኘችው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ባላት ግንኙነት እንደሆነ ተወራ። ጠያቂዋ አንድም ቃል አልተናገሩም። ይሁንና ወሬው ለባለጉዳይዋ ሲደርስ የእርሳቸውም ስም ከአሚዎቹ ጋር አብሮ ደረሰ፤ አሁን ሰላምታ እንኳ ነሥታቸዋለች። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ መሆናቸውን ገልጸው የሚጠይቁት ይህን ነው፦ መስማት ብቻውን ኃጢአት ይሆናል ወይ? ከቡናው ልቅር ወይ? ስሜን ለማጥራት ማን እንደጀመረው ልንገራት ወይ? ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ብናገር መልሼ ማማት አይሆንብኝም ወይ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳላለሳልስ ልመልስ። አልተናገርሁም ማለትዎ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሐሜት ዕዳ የተናጋሪው ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን የቡና ላይ ጨዋታ በቅርብ ያስተዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ወሬ የያዘ ሰው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘረግፍም። አስቀድሞ «ለማማት አይደለም እንጂ» ብሎ ይጀምርና የአድማጮቹን ፊት ያነባል። አንዷ ሲኒዋን አስቀምጣ ጠጋ ስትል፣ ሌላዋ ዐይኗን ከስልኳ ላይ ስታነሣ፣ ሦስተኛዋ «ውይ፣ በስመ አብ!» ስትል ወሬው ፈቃድ አገኘ ማለት ነው፤ የሥላሴ ስም የተጠራበት ያ ድንጋጤ ብዙውን ጊዜ ተናጋሪውን የሚያበረታታ እንጂ የሚያስቆም አይደለም። እርስዎ ከእነዚህ አንዱንም አላደረጉ ይሆናል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ሰምተዋል፤ ወሬውን ያደረሰችው ሰው የእርስዎን ስም ስትጨምር ውሸት የተናገረች የማይመስላትም በዚህ ምክንያት ነው። «እዚያ ተቀምጠን ስናወራ» ተብሎ ሲነገር የተናገረውና ያዳመጠው በአንድ ግስ ውስጥ ይገባሉ። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር አስቀድሞ የሚጠፋው ማን ምን እንዳለ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጉዳይ ከምላስ ይልቅ በጆሮ በኩል የምታይበት መንገድ አላት። በዐቢይ ጾም የምንሰማው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዐይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም ካለ በኋላ ጆሮም ክፉ ከመስማት በፍቅር እንዲጾም ያዝዛል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ387 በአንጾኪያ ካህን ሳለ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ያን ዓመት ሕዝቡ በግብር ጭማሪ ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች ስለሰባበረ ከተማው ሁሉ የቅጣቱን ውሳኔ በፍርሃት ይጠብቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ደግሞ ለወሬ የተመቸ ነው። አባታችን በዚያ የጾም ወራት ለሕዝቡ የነገራቸው ነገር፣ ከሥጋ ርቀው የወንድማቸውን ሥጋ በምላሳቸው እየበሉ ጾምን ቢሉት ምንም እንደማይጠቅማቸው ነው። ሊያማ የመጣውንም ሰው፣ የምታመሰግነው ሰው ካለህ ጆሮዬን እከፍትልሃለሁ፤ ልታጥላላ ከሆነ ግን ቆሻሻ ስለማልቀበል በሩን ዘግቻለሁ በሉት ብሎ አስተምሯቸዋል። በዘመናችን አነጋገር ይህ ቃል ሻካራ ሊመስል ይችላል። የተነገረው ግን አንዱ በሌላው ላይ በሚናገረው ቃል ሰው ሊሞት በሚችልበት ሰዓት ነበር።

እዚህ ላይ ልዩነት ማድረግ ያስፈልጋል። ሳይፈልጉ ጆሮ ውስጥ የገባ ነገርና ፈልገው የሰሙት ነገር አንድ አይደሉም፤ የጀመረውን ሰው ማስቆም አለመቻልም በራሱ ሐሜተኛ አያሰኝም። የእርስዎን ድርሻ ሊመዝኑት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ መመዘኛውም ቀላል ነው። ወሬው ሲነገር የፈለጉት ቶሎ እንዲያልቅ ነበር ወይስ ቀጣዩን ለማወቅ? ምሳሌ 18፥8 የጆሮ ጠቢን ቃል ከጣፋጭ መብል ጋር የሚያመሳስለው ሰሚውን እያሰበ ነው፤ የሚጣፍጠው ለበላው ነውና።

የሰሙት ነገር ሐሜት ነው ወይስ መነገር ያለበት ጉዳይ የሚለውን ለመለየት ብዙዎች የሚጠይቁት ወሬው እውነት መሆን አለመሆኑን ነው። እኔ ግን ይህን ጥያቄ በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ፤ እውነት ተነግሮም ሰው ይታማልና። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ንግግሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው፦ ነገሩን ሊያስተካክል ወደሚችል ሰው ይሄዳል ወይስ ከእርሱ ይሸሻል? በቆሮንቶስ የነበረውን ክርክር ለሐዋርያው ጳውሎስ የነገሩት የቀሎዔ ቤተ ሰዎች ናቸው፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥11 ምንጩን በስም ጠርቶ ጽፏል። የተናገሩት ሰዎች አልተደበቁም፤ የተነገረውም ክርክሩን ሊዳኝ ለሚችል አባት ነበር። ስለዚህ ማንም ሐሜት አይለውም። በእናንተ ቡና ላይ የተነሣውን ነገር ከአራታችሁ አንዳችሁም ልትፈቱት አትችሉም ነበር፤ ሊፈቱት የሚችሉት ሰዎች ደግሞ በቦታው አልነበሩም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ሁሉ ለእርስዎ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ዘኍልቍ 12 ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ማርያምና አሮን ወንድማቸውን ሙሴን አሙት፤ ምክንያት ያደረጉትም ኢትዮጵያዊት ማግባቱን ነበር። እኛ ይህን ክፍል ስናነብ ዐይናችን ሁልጊዜ በኢትዮጵያዊቷ ላይ ስለሚያርፍ ቀጥሎ ያለውን ቃል እናልፈዋለን። ቀጥለው የተናገሩት ስለ ሴቲቱ አይደለም፤ እግዚአብሔር የተናገረው በሙሴ ብቻ ነውን፣ በእኛስ አልተናገረምን ነው ያሉት። ነገሩ የሹመት ነበር። ጋብቻው መግቢያ ሆነ እንጂ ልባቸውን ያቆሰለው የወንድማቸው ከፍታ ነው። አሁን ወደ ቢሮዎ ይመለሱ። አንዲት ሴት እድገት አገኘች፤ ያላገኙት ሰዎች ስለ እድገቱ መመዘኛ ከመጠየቅ ይልቅ ስለ መኝታዋ አወሩ። እድገቱ በምን መስፈርት ተሰጠ ብሎ በግልጽ መጠየቅ የማንኛውም ሠራተኛ መብት ነው፤ የሚጠየቀውም የሰው ሀብት ክፍል ነው። ጥያቄውን ለሚመለከተው ለማቅረብ ድፍረት ሲጠፋ ነው ቅናቱ በሌላ በር የወጣው።

በዚያው ምዕራፍ ሌላም አለ። ማርያምና አሮን ተነጋግረው እንደጨረሱ መጽሐፉ እግዚአብሔር ሰማ ይላል። ሰሚ የሌለበት ሐሜት የለም ማለት ነው። በሥጋ ለምጽ የተመታችው ማርያም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ስትቆይ እርሷ እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ የሁለት ሰው ንግግር የመላውን ጉባኤ ጉዞ አቆመ። የታማው ሙሴ ያደረገውም ይጠቅመናል፤ ራሱን አልተከላከለም፤ አቤቱ አድናት ብሎ ስለ እኅቱ ጮኸ። ባልደረባዎ ይህን እንድታደርግ መጠበቅ አይገባዎትም። እርስዎ ግን ስምዎን ላነሣችው ሴት ይህን ጸሎት ሊያደርጉላት ይችላሉ።

ስለ ወሬው ይዘት አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። የሥራ አስኪያጁ ስም በተለሳለሰ ሁኔታ፣ የእርሷ ስም ግን በንቀት መነሣቱን ከጥያቄዎ ተረድቻለሁ። ወሬው ሐሰት ከሆነ የአንዲት ንጽሕት ሴት ስም ጠፍቷል። እውነትነት ካለው ደግሞ እድገት የሚሰጥ አለቃና እድገት የሚጠብቅ ሠራተኛ እኩል ኃይል እንደሌላቸው ማሰብ ይገባል፤ ተበዳይዋ እርሷ ልትሆን ትችላለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለው ሰው ሊሄድበት የሚገባው መንገድም አለ። የቡና ወሬ ግን ትንኮሳ የደረሰባትን ሴት ጭምር አመንዝራ አድርጎ ይጨርሳታል። ወሬ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎችም በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትና የሐሰት ሐሜት ወንጀል መሆናቸውን፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2044 ስለ ስም ማጥፋት ኃላፊነት መደንገጉን ቢያውቁ መልካም ነው። ሕጉን ያነሣሁት ማንንም ወደ ፍርድ ቤት ለመግፋት አይደለም፤ ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ለማስገንዘብ ነው።

ከቡናው ልቅር ወይ ለሚለው መልሴ አይቅሩ ነው። በምክር አገልግሎት ላይ ይህን ጥያቄ የሚያቀርቡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ መራቅን እንደ መንፈሳዊ መፍትሔ ያስቡታል። እኔ አይመስለኝም። ሦስቱ ባልደረቦችዎ የሥራ ጓደኞችዎ ናቸው፤ ያለ ምንም ቃል ድንገት ቢጠፉ «ጻድቅ ሆነችብን» ከመባል አልፎ የነገው ርእስ እርስዎ ይሆናሉ፤ እነርሱም የጠፉበትን ምክንያት ሳያውቁ ይቀራሉ። ከዚህ ይልቅ ተቀምጠው፣ ወሬው ገና ሲጀመር መናገር ይልመዱ። ገና ሲጀመር ያልሁት በምክንያት ነው፤ ግማሹ ከተነገረ በኋላ ማስቆም ተናጋሪዋን ማሳፈር ስለሚሆን ጠብ ያመጣል። ንግግሩ ስብከት መሆን የለበትም። «እሷ በሌለችበት ይቅርብን» ማለት ይበቃል። «እኔ ስለዚህ የማውቀው ነገር የለም፤ እስቲ ስለ ሌላ እናውራ» ማለትም ይቻላል። በጣም ለሚቀርቧት ሰው ደግሞ «ይህን ለራሷ ብትነግሪያት አይሻልም?» ብለው ቢጠይቋት ነገሩ ወደ ባለቤቱ መሄድ የሚገባው ከሆነ መንገዱን ያሳያታል፤ ካልሆነም ራሷ ትተወዋለች። ጥቅስ አይጥቀሱ፤ ቡና ላይ የሚጠቀስ ጥቅስ ተናጋሪዋን ከመመለስ ይልቅ ያበሽቃል። ስልክ ላይም እንዲሁ ነው፤ በቴሌግራም የተላከልዎትን ወሬ «ለራስሽ ብቻ» ተብሎ ቢላክም አያስተላልፉ፤ የሳቅ ምልክትም አይመልሱ።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 19 ነገር የሰማ ሰው ነገሩ ከእርሱ ጋር እንዲሞት እንዲያደርግ ይመክርና፣ አይዞህ አያፈነዳህም ይላል። ይህን ምክር እጅግ እወደዋለሁ፤ የሰማ ሰው ሆዱ ውስጥ የሚገለባበጠውን ነገር ዐውቆ፣ ጥቂትም ቀልዶበት የተናገረ ስለሆነ ነው። ዝቅ ብሎም ወዳጅህን ጠይቀው፣ ምናልባት አላደረገው ይሆናል፤ አድርጎትም ከሆነ እንዳይደግመው ይረዳዋል ብሎ ያክላል።

ቀጥሎ ያለው ከባዱ ክፍል ነው። ጌታችን በማቴዎስ 5፥23–24 መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ መባህን ትተህ አስቀድመህ ከእርሱ ታረቅ ይላል። ጥፋተኛው አንተ ከሆንህ አላለም። ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር ካለው ነው ያለው። ባልደረባዎ በእርስዎ ላይ አንዳች ነገር አላት፤ ስለዚህ መጀመሪያ መሄድ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል የሚጠይቀን ከጎናችን ከቆመው ምእመን ጋር ብቻ እጅ መነሣሣትን አይደለም።

እንዴት እንደሚሄዱ ላስረዳዎት። በጽሑፍ መልእክት አያድርጉት፤ የተጻፈ ይቅርታ በስክሪን ፎቶ ተነሥቶ አዲስ ወሬ ይሆናል። በቢሮ ኮሪደርም አያድርጉት። ከሥራ ሲወጡ እስከ ስታዲየም የባቡር ፌርማታ አብረዋት እንዲራመዱ ይጠይቋት፤ ጎን ለጎን እየሄዱ የሚነገር ይቅርታ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚነገረው ይቀላል፤ እርሷም መቆጣት ብትፈልግ የሚያያት ባልደረባ የለም። የሚሉት የሚከተለውን ያህል ቢሆን ይበቃል፦ «ስምሽ በተነሣበት ቡና ላይ ነበርሁ። እኔ አልተናገርሁም፤ ግን ተቀምጬ ሰማሁ፤ አላስቆምሁም። ይህ የኔ ጥፋት ስለሆነ ይቅርታ እንድታደርጊልኝ መጣሁ።» በዚህ ውስጥ «አልተናገርሁም» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ መነገሩን ልብ ይበሉ። ደጋግመው ከተናገሩት ይቅርታው ወደ ክርክር ይለወጣል። የተባለውንም ዝርዝር አይንገሯት፤ የደረሳት ምን ያህሉ እንደሆነ አያውቁምና ያልሰማችውን ቁስል በእጅዎ ይዘው እንዳይሄዱ።

እርሷም «ማን ነው የጀመረው?» ማለቷ አይቀርም። አይንገሯት። ይህ ለብዙዎች ግፍ ይመስላቸዋል፤ የእኔ ስም በሐሰት ሲጠራ የጀመረችው ሴት ስም እንዴት ይሸፈናል ይላሉ። ነገር ግን የጀመረችውን ሴት ስም በሌለችበት አሳልፎ መስጠት ያንኑ የጆሮ ጠቢነት ሥራ በሌላ አቅጣጫ መሥራት ነው፤ ምሳሌ 26፥20 እንጨት ሲያልቅ እሳት ይጠፋል፣ ጆሮ ጠቢ በሌለበትም ጠብ ይበርዳል ያለው እዚህ ላይ የሚሠራ ነው። «የመጣሁት የራሴን ልናገር ነው፤ የሌላውን ባለቤቱ ይናገር» ይበሏት። ከዚያ በኋላ ወሬውን ወደጀመረችው ባልደረባዎ ብቻዎን ይሂዱና የተወራባት ሴት መጎዳቷን፣ ቢቻል ራሷ ሄዳ ይቅርታ ብትጠይቅ እንደሚሻል ይንገሯት። ስምዎን አብራ ያደረሰችውንም ሴት ዐውቀዋት ከሆነ እንዲሁ። ማቴዎስ 18፥15 ብቻህን ሆነህ ውቀሰው የሚለውን ቃል በተግባር የሚያውሉት ይህን ጊዜ ነው፤ ብቻዎን ያልሁትም ሦስተኛ ሰው ከጨመሩ ያው ቡናው ተመልሶ ስለሚመጣ ነው።

ሌላውን ለመውቀስ ስንሄድ እጅግ የሚያስቸግረን በልባችን የዳኝነት ወንበር ላይ መቀመጣችን ነው። መታሰቢያው ሰኔ 24 የሚውለው የግብፅ በረሃ መነኩሴ ሙሴ ጸሊም (የኦሪቱ ሙሴ አይደለም) በአስቄጥስ ገዳም በአንድ ወንድም ጥፋት ላይ ለመፍረድ በተጠራ ጊዜ አሸዋ የሞላበት ቀዳዳ ቅርጫት በጀርባው ተሸክሞ ሄደ። አባቶች ሲጠይቁት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ ይፈስሳል፣ አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ላይ ለመፍረድ መጣሁ አላቸው፤ ወንድሙንም በነጻ ለቀቁት። ባልደረባዎን ለማናገር ሲሄዱ ይህን ይዘው ቢሄዱ ድምፅዎ ራሱ ይለወጣል።

ይቅርታውን ባትቀበልስ? ሊሆን ይችላል፤ የተጎዳችው በእውነት ነውና በአንድ ቀን እንድትረሳው አይጠብቁ። ሮሜ 12፥18 ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ሲል በእኛ በኩል ያለውን ብቻ ይጠይቀናል። ጠዋት ጠዋት ሰላም ማለትዎን አይተዉ፤ መልስ ባታገኙም። ወራት ካለፉ በኋላ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ታላቅ ሰው ካለ በሽምግልና መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ሽማግሌው ከዚያ ቡና ጠጪዎች አንዱ እንዳይሆን።

የንስሐ አባትዎን በተመለከተ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በኑዛዜ ስም የሌላውን ገመና ዘርግፎ የሚመለስ ምእመን አይጠፋም። መድኃኒቱ የራስዎን ብቻ መናገር ነው። «ባልደረባዬ ስትታማ ተቀምጬ ሰማሁ፤ አላስቆምሁም። ሲታወቅብኝም ከእርሷ መጎዳት ይልቅ የራሴ ስም መነካቱ አበሳጨኝ» ቢሉ ኑዛዜው ሙሉ ነው። የሴቲቱ ስም፣ የሥራ አስኪያጁ ማዕረግ፣ እድገቱ እንዴት እንደተገኘ በዚያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ይቅርታውን ሳይጠይቁ ቅዱስ ቁርባን መቀበል ይገባዎት እንደሆነ የሚወስኑልዎትም እርሳቸው ናቸው። ከባልደረባዎ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ቢያገኟቸው እመርጣለሁ፤ ንዴቱ ገና ትኩስ መስሎ ከታያቸው ጥቂት ቀን ጠብቂ ሊሉዎት ይችላሉና።